የጣት አሻራ ላፕቶፕ አልከፍት ሲል፦ ወደ ካርቱም የሚመለሱ ሰዎች ሰነዶቻቸውን ሳያጡ ምን ማድረግ ይችላሉ?

በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ያለው ጦርነት ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲፈነዳ፣ ነዋሪዎች በእጃቸው የገባውን ብቻ ይዘው ከተማዋን ለቀው ወጡ። ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ግብፅና ቻድ፣ ሌላውም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ላፕቶፑን በሻንጣው ይዞ የወጣ ነበረ፤ ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት የሄደም ነበረ።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መዲናዋን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ብዙዎች ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ከዝርፊያ የተረፈ ላፕቶፕ ለባለቤቱ ተራ ዕቃ አይደለም። የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ባለቤትነት ሰነድ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ብቸኛ ቅጂ በውስጡ ሊኖር ይችላል። ወረቀት በጦርነት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ከተማዋ አይታለች። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሞሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል መቃጠሉ አንዱ ምሳሌ ነው።

ታዲያ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ላፕቶፕ የባለቤቱን ጣት "አላውቅም" ቢልስ?

አሻራ ለምን አልነበብ ይላል?

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንበቢያው የጣትን ቆዳ መስመሮች ስለሚያነብ አቧራ፣ ላብ፣ ድርቀትና ቁስል ያሳስቱታል። ከሲሚንቶና ከፍርስራሽ ጋር ሲታገል የከረመ እጅ መስመሮቹ ይፈዛሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ማንበቢያውን በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ እጅን ታጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም ቀደም ሲል የተመዘገበ ሌላ ጣት ካለ እርሱን መሞከር ይገባል።

ችግሩ ከዚህ ካለፈ ማንበቢያውን የሚያሠራው ሶፍትዌር ተበላሽቶ ወይም ዕቃው ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የአሻራውን ፎቶግራፍ ሳይሆን ከአሻራው የተቀመረ መረጃ ነው፤ ይህም ከመሣሪያው አይወጣም። አሻራ አቋራጭ መንገድ እንጂ ብቸኛ ቁልፍ አይደለም። ከጀርባው ሁልጊዜ ፒን ወይም የይለፍ ቃል አለ።

በዊንዶውስ ላይ

በዊንዶውስ አሻራ ለማስመዝገብ አስቀድሞ ፒን ማውጣት ግዴታ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ገጽ ላይ "ሳይን ኢን ኦፕሽንስ" የሚለውን፣ ማለትም የመግቢያ አማራጮችን ተጭኖ ፒኑን ማስገባት ይቻላል። ፒኑ በዚያው መሣሪያ ላይ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የይለፍ ቃል አማራጭ ከታየም ኢንተርኔት በሌለበት የሚያገለግለው በዚያ ላፕቶፕ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ነው። በግምት ደጋግሞ መሞከር ግን መሣሪያውን ለጊዜው ስለሚያስቆልፈው አይመከርም።

ፒኑ ከተረሳ "ፒኔን ረስቼዋለሁ" የሚለው አማራጭ አለ። ይህ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል። ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ያልተያያዘ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሲገባ፣ ባለቤቱ ቀድሞ የመለሳቸውን 3 የምሥጢር ጥያቄዎች በመጠየቅ አዲስ የይለፍ ቃል ለማውጣት ይፈቅዳል።

ስልክ ቁጥሩ ከጠፋ

የካርቱም ሰዎች ፈተና የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ማንነትን የሚያረጋግጠው በስልክ አጭር መልእክት ወይም በሌላ ኢሜይል በሚልከው ኮድ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የዜይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ ኔትወርኮች ተቋርጠው አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከግንኙነት ውጪ በሆነበት ወቅት፣ በሱዳን ቁጥር የሚላክ ኮድ ለብዙዎች ሊደርስ አልቻለም። በስደት ሲም ካርዱን የቀየረ ሰውም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

መፍትሔው በቅድሚያ በአካውንቱ የተመዘገበውን ሌላ ኢሜይል መጠቀም ነው። እርሱም ከሌለ ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ አካውንቱ ገብቶ የማረጋገጫ መረጃዎቹን በሙሉ በአዲስ እንዲተኩ መጠየቅ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ማይክሮሶፍት ለውጡን የሚያጸድቀው ከ30 ቀናት በኋላ ነው። መዘግየቱ ቢያሰለችም ምክንያት አለው፤ ላፕቶፑን የዘረፈ ሰው በአንድ ሌሊት የአካውንቱ ባለቤት እንዳይሆን ያግዳል።

ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ

ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የቆየ ወይም የውስጥ አካሉ የተቀየረ ላፕቶፕ ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ቢትሎከር የተባለው የመረጃ ማመስጠሪያ ነው። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ በስልክም ማየት ይቻላል። በፍላሽ ወይም በወረቀት ላይም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የተቋሙን የኮምፒውተር ክፍል መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ከሌለ መረጃውን ማይክሮሶፍትም ሆነ ሌላ ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም።

ማክ ለሚጠቀሙ

የአፕል ኮምፒውተሮች ጠፍተው ሲነሡ፣ ለ48 ሰዓታት ሳይከፈቱ ሲቆዩ ወይም አሻራው 5 ጊዜ ሳይታወቅ ሲቀር የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከወራት በኋላ የበራ ማክቡክ አሻራን አለመቀበሉ ብልሽት አይደለም። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ በአፕል አካውንት ወይም ፋይልቮልት በሚሰጠው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ መቀየር ይቻላል።

ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ለጥገና ባለሙያ ፈጣኑ መንገድ ላፕቶፑን "ፎርማት" ማድረግ ነው። ላፕቶፑ ይከፈታል፤ ሰነዶቹ ግን አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ባለቤቱ "ፋይሎቹ እንዳይነኩ" ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። መረጃው ካልተመሰጠረ ባለሙያው ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ሊገለብጠው ይችላል። የተመሰጠረ ከሆነ ግን ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ ሳይነኩ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያልተደመሰሰ ዲስክ ነገም ሊከፈት ይችላል።

ላፕቶፑ ከተከፈተ የመጀመሪያው ሥራ አሻራን ማስተካከል ሳይሆን ሰነዶቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ከዚያ የድሮውን አሻራ ሰርዞ ከሁለቱም እጆች ጣቶችን በአዲስ ማስመዝገብ፣ በአካውንቱ ላይ የሚሠራ ስልክና ኢሜይል ማስገባት ይከተላል። የመልሶ ማግኛ ቁልፉም በወረቀት ተጽፎ ከላፕቶፑ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ በሌላ ከተማ ያለ የሚታመን ዘመድ ዘንድ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።