ሆንዳ ሲቲ የት ገባች?

አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ ኮሮላ ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጃፓን በእንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች የተሞላች ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው! እዚያ የ40 ዓመት ተራ የከተማ መኪና መንገድ ላይ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ከሁሉም የምትቆጨኝ የመጀመሪያዋ ሆንዳ ሲቲ ናት።

ሲቲ ገበያ የወጣችው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1981 ነው። ያኔ ትንሽ መኪና ሲሠራ ዝቅ ተደርጎ ነበር። የሆንዳ ወጣት መሐንዲሶች ርዝመቷን 3.38 ሜትር ላይ አቁመው ቁመቷን ወደ 1.47 ሜትር ከፍ አደረጉት። ተሳፋሪው ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ እግሩ ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ መኪናዋ ከውጭ አጭር፣ ከውስጥ ሰፊ ሆነች። አውሮፓ ውስጥ ጃዝ በሚል ስም ተሸጣለች።

አሁን ወደ ኋላዋ እንዙርና የዕቃ መጫኛውን እንክፈት። እዚያ የምትገባ ሞቶኮምፖ የምትባል 49 ሲሲ ሞተር ሳይክል አብራት ተሠርታለች! መሪዋ ይታጠፍና ወደ ውስጥ ይገባል፤ መቀመጫዋም ዝቅ ይላል፤ መርገጫዎቿም ይታጠፋሉ። የሚቀረው ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ሐሳቡ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ መሐል ከተማ በሞተሯ መግባት ነበር። ክብደቷ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሆነ አንስቶ መጫኑ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ድፍረት ደስ ይለኛል።

ታዲያ መኪኖቹ የት ገቡ? የእኛን ቦሎ አስቡ። የጃፓኑ ምርመራ ሻኬን ይባላል፤ ለአዲስ የቤት መኪና ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይደረጋል። ጥገናው፣ ግብሩና የግዴታ ኢንሹራንሱ ሲደመር ከ100 ሺህ የን ማለፉ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ 13 ዓመት ያለፈው የቤንዚን መኪና ዓመታዊ ግብሩ ይጨምራል። በ2009 ደግሞ መንግሥት እንዲህ ያረጀ መኪናውን አስፈርሶ ቆጣቢ አዲስ ለሚገዛ ሰው እስከ 250 ሺህ የን ድጎማ ሰጠ። ርካሽ ለሆነች ሲቲ ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል? እኛ ዘንድ መኪና ውድ፣ የጋራዥ ሥራ ርካሽ ስለሆነ ዲኤክሱ ይጠገናል። እዚያ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ሞተሯ ገና የሚሠራ ሲቲም ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄዳለች።

የተረፉት በአብዛኛው ሰብሳቢ የሚወዳቸው ናቸው፦ ቡልዶግ የሚባለው የ1983ቱ ቱርቦ 2 እና ጣሪያው የሚከፈተው የ1984ቱ ካብሪዮሌ። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ተራዋ ናት፤ ሰው በየቀኑ ሥራ የሚሄድባት፣ ገበያ የሚመላለስባት እሷ ነበረች፣ ማንም አስቀምጣለሁ ብሎ አላሰበላትም። ሞቶኮምፖ ከቤት ጥግ ታጥፋ መቀመጥ ስለምትችል የተሻለ ዕድል ገጥሟታል። ሆንዳም በ2023 ሞቶኮምፓክቶ የተባለች የምትታጠፍ የኤሌክትሪክ ስኩተር በእሷ ሐሳብ ሠርቷል።

ጃፓን የምትሄዱ ከሆነ፣ ቶቺጊ አውራጃ ሞቴጊ ያለውን የሆንዳ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ!