ሣሩ ያጣው ባልንጀራ

ዛሬ ፎቅ የቆመበት የአያት አካባቢ ትናንት እርሻና የግጦሽ መስክ እንደነበር ነባር ነዋሪዎቹ ያውቃሉ። ግንባታ ሲጀመር ለሙ የላይኛው አፈር በዶዘር ይጠረጋል፤ ሲያበቃ ነዋሪው የሚረከበው ጠጠር ነው። የእኛም ግቢ ዕጣ ይኸው ሆነ። ለልጆች መጫወቻ ብለን ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ክረምት ሣር ተከልን፤ ማዳበሪያም ጨመርን፤ ሁለቱንም ጊዜ በጋው ሲገባ ደረቀ። ጎረቤት ከጎረቤት መነቃቀፍ ጀመረ፤ «ሲሚንቶ ይነጠፍበትና እንገላገል» የሚሉትም በረከቱ።

ለመሆኑ ሣር ከአፈርና ከውኃ ሌላ ምን ይፈልጋል? ውድ አንባቢያን፣ በሥሩ የሚኖር ደቃቅ ፈንገስ ይፈልጋል። ሊቃውንቱ ማይኮራይዛ ይሉታል። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክሩን ሥሩ ወደማይደርስበት የአፈር ቀዳዳ ሰድዶ ፎስፈረስ ያመጣለታል፤ ሣሩም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳርና ቅባት ያካፍለዋል። ሱብሐነላህ! ክሩ የአፈሩንም ቅንጣት አያይዞ ጎርፍ እንዳይወስደው ያግዛል። (ጎመንና ሰናፍጭ ግን ከዚህ ጉርብትና ውጭ ናቸው።) ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በደጋ ደኖቻችን የሚገኙ አገር በቀል ዛፎችም ከዚህ ፈንገስ ጋር እንደሚኖሩ አሳይተዋል።

ፈንገሱ ጠላቱ ብዙ ነው። ማረሻ ክሩን ይበጣጥሰዋል፤ አፈሩ ተጠርጎ ለወራት ሲከመር ይመናመናል፤ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ሲበዛ ደግሞ ሣሩ ራሱ ጎረቤቱን ችላ ይለዋል። ደግ ሠራን ብለን የጨመርነው ማዳበሪያ ነገሩን ሳያብሰው አልቀረም።

የመንዝ ሰዎች በጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በወቅቱ ብቻ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ነዋሪው ግን በኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ መለሰው። እንዲህ ሳይታረስ የኖረ መስክ የሥሩም ጉርብትና አይበጠስበትም።

የእኛን ግቢ መላ ያገኙለት በልጅነታቸው እዚሁ ከብት ያገዱ አዛውንት ናቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሳማክራቸው፣ «ልጄ፣ ሣሩን ብቻ ምን ያደርግልሃል? ከነአፈሩ አምጣው እንጂ» አሉኝ። ፈንገስ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም! ካረጀ አጥር ሥር ሰርዶ ከነአፈሩ በጆንያ አምጥተን፣ ሐምሌ ላይ በግቢው እኩሌታ ተከልን። ማዳበሪያ አልጨመርንም። በሌላው እኩሌታ እንደ በፊቱ ከሱቅ የተገዛ ሣር ተተከለ።

ጥር ላይ የሱቁ ሣር ገለባ ሆነ። የአጥሩ ሰርዶ ቢጠወልግም ሥሩ አልሞተም፤ በበልጉ ዝናብ አቆጠቆጠ። የሲሚንቶው ጉዳይ ለሚቀጥለው ክረምት ተቀጥሯል። እስከዚያ ልጆቹ እንዳይረግጡት ገመድ አጥረናል፤ ኳሳቸው ግን በየቀኑ እየዘለለች ትገባለች።