የአያት ዳሌ ሲሰበር ብረቱ የት ይግባ?

አያታችን ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ዘመድ «ወጌሻ ጥሩ!» ይላል። ነገር ግን ሽማግሌ ሰው ለሳምንታት በጀርባው ከተኛ፥ ስብራቱ ሳይጠግን የሳንባ ምች፥ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ይቀድሙታል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

በምን ብረት? እንደ ስብራቱ ስፍራ ነው። የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ከቦታው ከፈለሰ፥ ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚበጠስ፥ በብሎን መያዙ ለአረጋዊ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ራሱን አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ይሻላል። ከአንገቱ በታች የሆነው ስብራት ግን ደም አይጎድለውም። የሚረጋው በተንሸራታች ብሎንና በጎን ብረት፥ የማይረጋው በመቅኔው ውስጥ በሚገባ ዘንግ ይያዛል። ዘንጉ ውድ ነው፤ ለሚረጋው ስብራት ግን ከብሎኑ ይበልጣል ብለን አናምንም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። የሳሳ አጥንት ምስጥ እንደ በላው እንጨት ስለ ሆነ፥ ብሎኑ ሰንጥቆት ይወጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ባውምጋርትነርና የሥራ ጓደኞቹ ባሳተሙት ጥናት፥ ከብሎኑ ጫፍ እስከ አጥንቱ ራስ አናት ያለው ርቀት ከፊትና ከጎን በተነሡት ራጆች ተለክቶ ሲደመር፥ ከ25 ሚሊ ሜትር ካልበለጡት 120 ብሎኖች አንዱ እንኳ ሰንጥቆ አልወጣም። ብረቱ በደንብ ከገባ አያታችን በማግሥቱ በምርኩዝ ይቆማሉ።