መጽሐፉን ማን ይምረጠው?

በየዓመቱ በኤፕሪል ወር፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ሎስ አንጀለስ ያለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በድንኳን ይሞላል። ዝግጅቱ የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በሌላው የከተማዋ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ በዩሲኤልኤ፣ ተጀምሮ በ2011 ወደዚህኛው ግቢ ተዛወረ፤ በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት በኢንተርኔት ብቻ ከተካሄደ በኋላ በ2022 ወደ ሜዳው ተመለሰ። አዘጋጆቹ የጎብኚውን ቁጥር ወደ 150 ሺህ፣ የደራስያኑንና የተናጋሪዎቹን ደግሞ ከ500 በላይ ያደርሱታል። መግቢያ አይከፈልም። ለመጻሕፍት ወዳጅ ይህ ሁሉ ያጓጓል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን 500 ደራሲ ምኑም አይደለም፤ በዚያ ሕዝብ መካከል እሱ የሚያየው የሰው ወገብና የሰው ቦርሳ ነው።

ታዲያ ልጅ ይዞ እንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ መግባት ምን ይጠቅማል? ብዙ ወላጅ «ደራስያንን ሲያይ ይነቃቃል፣ መጽሐፍ ይወዳል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከእውነት ባይርቅም ዋናውን ነገር ይስታል። ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚያነበውን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው፤ የክፍሉን አስተማሪው፣ የማታውን እናቱ፣ የልደቱን አጎቱ። ትልቅ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ይህን ልማድ ለሁለት ቀን ሊገለብጠው ይችላል። ልጁ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ፊት ቆሞ፣ ገንዘብ የያዘ አዋቂ ከኋላው አስከትሎ፣ «ይሄን» ማለት የሚችልበት ቦታ ከዚህ ሌላ ብዙ የለውም። ወላጅ ይህን ከፈቀደለት ጉዞው ያዋጣል። ካልፈቀደለት ልጁ ፀሐይ ላይ ሲጎተት ውሎ ይመለሳል፤ ቤት ቢውል ይሻለው ነበር።

ልጅ መጽሐፍ ሲመርጥ ረጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው ነገሩ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ያያል። መጀመሪያ ሽፋኑን ያያል፣ ያነሳዋል፣ ከዚያ መሃሉን ይገልጣል፤ ከመጀመሪያው ገጽ የሚጀምር ጥቂት ነው። ሥዕል ካገኘ ጣቱን ያሳርፍበታል። መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ዞሮ ያየዋል። ምርጫው የተካሄደው ዞሮ ባየ ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ልክ በዚያች ደቂቃ የወላጅ እጅ ከላይ ይወርድና «ይሄኛው አይሻልም? ይሄኛው እኮ ትምህርት አለው» የሚል ሌላ መጽሐፍ ያቀብለዋል። ልጁ ይቀበላል፤ ምን ያድርግ! ወላጁ ገዛሁለት ብሎ ደስ ይለዋል፣ መጽሐፉም ቤት ደርሶ መደርደሪያ ላይ ይሰየማል።

ይህ የዘመኑ የአስተዳደግ ፋሽን ብቻ እንዳይመስል፣ ቁም ነገሩን የሚደግፍ በጥንቃቄ የተሠራ ጥናት አለ። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል ፍራንዘን የተባሉ የንባብ ትምህርት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በፍሎሪዳ ድሃ ቤተሰብ በሚበዛባቸው 17 ትምህርት ቤቶች 1,330 ልጆችን ለሦስት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2010 አሳተሙ። ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 852ቱ ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ከመድረሱ በፊት፣ በየትምህርት ቤታቸው በተዘጋጀ የመጻሕፍት ትርኢት ላይ፣ ደስ ያላቸውን 12 መጽሐፍ በየዓመቱ መርጠው የራሳቸው አደረጉ። ለቀሩት የእንቆቅልሽና የመለማመጃ ደብተሮች ቀረቡላቸው። የተቀጠረ አስጠኚ የለም፣ የተጨመረ ክፍለ ጊዜ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ መጽሐፍ የወሰዱት ልጆች በንባብ ፈተና በልጠው ተገኙ፤ ልዩነቱም በዕረፍት ወራት ትምህርት ቤት ገብቶ ከመማር ከሚገኘው ጋር የሚስተካከል ነበር። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ከሁሉም የደኸዩት ናቸው። ጥናቱ መጽሐፍ ማግኘትንና መጽሐፍ መምረጥን ነጣጥሎ አልለካም፤ ልጆቹ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው ያገኙት። ሆኖም 12ቱን መጽሐፍ አዋቂ መርጦ ቢያድላቸው ኖሮ ይገልጧቸው ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ቤቱ ውስጥ አቧራ የጠጣ የስጦታ መጽሐፍ ያለው ወላጅ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል።

«ልጅን ልቅ ከተዉት ተራ ነገር ነው የሚያነሳው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ ግልጽ ነው። አዎ፣ ያነሳል። በዚያው ጥናት ልጆቹ ከተሻሙባቸው መጻሕፍት አንዱ የዘፋኟ የብሪትኒ ስፒርስ የሕይወት ታሪክ ነበር። አስተማሪዎቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። ነገር ግን የፈተናው ውጤት የመጣው እንዲህ ያሉትንም ጨምሮ ነው። ማንበብ የሚቀናው ብዙ በማንበብ ነው፤ ብዙ የሚያነብ ደግሞ ያነሳውን ለመጨረስ የጓጓ ነው። ልጁ ስለ ዳይኖሰር ወይም ስለ እግር ኳስ ተጫዋች የሚያወራ ቀላል መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ቢወጣው፣ ካልጨረሰው ቁም ነገረኛ መጽሐፍ ይልቅ ይኸኛው አንባቢ ያደርገዋል። ጣዕም መለየትም የሚመጣው እያወዳደሩ ነው፤ መጥፎ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የተቆጨ ልጅ ቀጥሎ ሲመርጥ ይጠነቀቃል። ይህ ማለት ወላጅ አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ለዕድሜው የማይሆነውን «አይሆንም» ማለት የወላጅ ሥራ ነው። መከልከል ሌላ፣ በልጁ ፋንታ መምረጥ ሌላ።

ራሱን መጽሐፍ ቤት ውስጥ ማኖርን በተመለከተ ደግሞ ማራያ ኢቫንስ የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር በ27 አገሮች ከ70 ሺህ በላይ ሰዎችን የሚመለከት መረጃ መርምራ ነበር። 500 ያህል መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች፣ መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ከወጡት ይልቅ በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ገፍተው ተገኝተዋል፤ የወላጆቻቸው ትምህርትና ሥራ ተመሳሳይ ሲሆን እንኳ። መጽሐፍ የሚሰበስብ ቤተሰብ በሌላም ነገር ሊለይ ስለሚችል ቁጥሩን እንደ መድኃኒት ማዘዣ መውሰድ አይገባም። ለተራው ቤተሰብ የሚበጀው ግን ሌላው ግኝት ነው፦ 20 የምታህል መጽሐፍም ለውጥ ታመጣለች። 20 መጽሐፍ ደግሞ ለአብዛኛው ቤት የማይደረስበት አይደለም።

የሕዝቡን ብዛት የሚፈሩ ወላጆች ትክክል ናቸው። በኤፕሪል የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ትጠነክራለች፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይደክማል። ስሕተቱ የሚመጣው ወላጁ ፌስቲቫሉን ሁሉ ለማዳረስ ሲነሣ ነው። በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው፤ በዚያን ሰዓት የደረሰ ሰው መጻሕፍቱን የሚያየው ሰልፍ ሳይበዛ ነው፣ እስከ ምሳ ድረስም ለልጅ የሚበቃውን ያህል ያያል። በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄዱት ውይይቶች አስቀድሞ ቲኬት መያዝና ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው እነሱን መተው ነው የሚሻለው። የልጆች መድረክ በአደባባይ ነው፣ ቲኬት አይጠይቅም፣ ልጁ ሲሰለቸው መሃል ላይ ተነሥቶ ቢሄድ የሚቆጣው የለም። ዝግጅቱ ሁለት ቀን መሆኑም ለልጅ ይመቻል፦ ቅዳሜ እየዞሩ ማየት፣ እሁድ መግዛት። ሌሊቱን ያልተረሳ መጽሐፍ በእርግጥ የተፈለገ ነው፤ ቅዳሜ አልቅሶለት እሁድ የረሳውን ደግሞ ኪስ አመስግኖ ያልፈዋል።

ከደራስያኑ ሁሉ አንዱን ብቻ ማግኘት ይበቃል፤ እሱም መድረክ ላይ ሳይሆን የፊርማ ጠረጴዛ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። በእንዲህ ያሉ ሰልፎች እንደተለመደው አስተባባሪ መጥቶ የልጁን ስም ይጠይቅና በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ላይ ይለጥፈዋል፤ ደራሲው ሲፈርም ስሙን እንዳይሳሳት ነው። ስሟ ትዕግሥት ወይም ስሙ ጸጋዬ ለሆነ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ መጥራት ያስፈልጋል። እዚህም ላይ ወላጅ ባይቀድም መልካም ነው። ልጁ ስሙን ራሱ ተናግሮ፣ ጠረጴዛው ጋ ደርሶ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ስክሪብቶ ይዞ ስሙን ሲጽፍ ያያል። መጽሐፍ ከፋብሪካ እንደ ብስኩት የሚወጣ የሚመስለው ልጅ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ የሠራው ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚረዳበት መንገድ የለም።

ፌስቲቫሉ በመጨረሻ ገበያ ነው የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። ድንኳኖቹ የተተከሉት ለመሸጥ ነው፣ በጠንካራ ሽፋን የታተመ አንድ የሥዕል መጽሐፍ 20 ዶላር አካባቢ ያወጣል፣ የመኪና ማቆሚያውና ምግቡም ገንዘብ ይፈልጋል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ግን ከዋናው ጋር 73 ቦታ በነጻ ክፍት ነው፤ ከ2020 ጀምሮ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው የሚጣለውን ቅጣት እንኳ ትቷል። እንግዲህ ገበያው ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ ዋጋ ራሱ ምርጫን ያስተምራል፤ «ሁለት ቀን፣ አንድ መጽሐፍ» የተባለ ልጅ አስር ጊዜ አስቦ ነው የሚያነሳው። ሁለተኛ፣ ቤተ መጻሕፍት ዝም የሚባልበት ቦታ ነው፣ ትምህርት ቤትም ማንበብ የሚታዘዝበት። ሽበታም ሰው ለአንድ መጽሐፍ ሲል ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ ልጁ የሚያየው በፌስቲቫሉ ነው። ያልተገዙትን መጻሕፍት ሽፋን በስልክ አንስቶ ሰኞ ዕለት ከሰፈር ቤተ መጻሕፍት መበደር ይቻላል፤ ገበያውና ቤተ መጻሕፍቱ የሚጋጩት እንዲጋጩ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ለእኛ ሰዎች የሚከብደው ተቃውሞ ቋንቋን የሚመለከተው ነው። ሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ናት። እዚያ የሚኖር ወላጅ «ልጄ ቀድሞውንም አማርኛው እየጠፋበት ነው፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የበለጠ ላሰጥመው?» ቢል ስጋቱ ተገቢ ነው። ልጁን ከፌስቲቫሉ ማስቀረት ግን እንግሊዝኛውን አያስቀረውም፤ ያ በትምህርት ቤትም በስልክም ይመጣል። የሚሻለው እዚያው ጽሑፍ የሌላቸውን የሥዕል መጻሕፍት መፈለግ ነው። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያሳተመው «ዘ አራይቫል» አገሩን ትቶ ወደማያውቀው ከተማ የሚሰደድን ሰው ታሪክ አንድ ቃል ሳይጽፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥዕል ይተርካል። ከፍ ላለ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ ነው። ጽሑፍ ስለሌለው በየትኛውም ቋንቋ ሊነበብ ይችላል፤ እናት በአማርኛ ብታወራው የአማርኛ መጽሐፍ ይሆናል፣ ልጁም «ለምን ሄደ?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቃል።

ይህ ግን ማስታገሻ ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ ልጅ በሽፋኑ ተስቦ የሚያነሳው መጽሐፍ ያስፈልጋል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ስላጡ ነው ወደ ሥራው የገቡት። በ1998 የኢትዮጵያ ልጆችን ለማስነበብ የቆመ ድርጅት መሠረቱ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የማሞን ተረት አሳተሙ፣ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ ደግሞ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ እስከ ልጆቹ ደጅ አደረሱት። ሁሉም የተጀመረው ከባዶ መደርደሪያ ነው። በሎስ አንጀለሱ ፌስቲቫል ላይም ድንኳን የሚከራዩት ትላልቅ አሳታሚዎች ብቻ አይደሉም፤ መጽሐፉን በራሱ ያሳተመ ደራሲም ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሸጣል። ኪራዩ ለአንድ አነስተኛ የአማርኛ አሳታሚ ይከብድ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ሆነው ከከተማዋ የሐበሻ ነጋዴዎች አንዱን ስፖንሰር ቢጠይቁ ግን የሚቻል ነገር ነው፤ የኤፕሪሉ ቦታ ደግሞ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው።