መጽሐፉስ ይገኛል፤ በሩን የሚከፍተውስ?

ቤተ መጻሕፍት እንርዳ ሲባል ሁላችንም ወደ መደርደሪያችን ነው የምንዞረው። ሁለት ቅጂ የሆነውን፣ ልጆቹ የጨረሱትን መማሪያ በካርቶን አሽገን እናስረክባለን፤ ፎቶም እንነሳለን። ልገሳን አልነቅፍም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈትም ከሕዝብ ብዙ መጽሐፍ ተሰብስቦለታል። ግን አብርሆት ከኋላው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አለለት።

የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ነው። ቁልፉ በአንድ ባለሙያ እጅ ይሆንና፣ እሷ ስትታመም ወይም ሥልጠና ስትሄድ በሩ ይቆለፋል። ተማሪውም ሠራተኛውም ፋታ የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዝግ ነው። ይህ የደመወዝና የሥራ ማስኬጃ ጉዳይ ስለሆነ በካርቶን አይፈታም።

በጀት ደግሞ ወቅት አለው። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን ቀደም ብሎ ያልቃል። ሰኔ ላይ ማመልከቻ ይዞ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኔ ከየካቲት ጀምሩ እላለሁ።

ማን ይጠይቅ? «እኛ አንባቢዎች ነን» ብንል ኃላፊዎቹ ፈገግ ብለው ይሸኙናል። የእድር ሰብሳቢዎች አብረው ሲገቡ ግን ወንበር ይሳባል። እድር የአባላት መዝገብ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ በሰፈሩ ይታመናል። እዚያ ስለ «ንባብ ባህል» ንግግር አታድርጉ፤ ማንም አይቃወማችሁም፣ ማንም አይነሳላችሁም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከታናናሾቹ ጋር ስለሚያጠናው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተናገሩ። አንዳንድ ባለሙያዎች «የራሳቸውን ደብተር ይዘው ይመጣሉ፣ መደርደሪያ አይነኩም» ብለው በእነዚህ ልጆች ያማርራሉ። ለእኔ ዋናዎቹ ጠበቆች ልጆቹ ናቸው፤ እናቶቻቸው ማመልከቻው ላይ ይፈርማሉ።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ትሮይ ከተማ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ለማቆየት 0.7 ሚል የንብረት ግብር (ከ1,000 ዶላር ግምት 70 ሳንቲም) ለድምፅ ቀረበ፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ግብር ሆነ። ደጋፊዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው «ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋ፤ ከዚያ መጽሐፍ የማቃጠል ድግስ አለ» የሚል ማስታወቂያ በየሜዳው ተከሉ። ከተማው በቁጣ ነደደ። ኋላ ዓላማቸውን ሲገልጹ ወሬው ከግብር ወደ መጽሐፍ ዞሮ ነበር፤ 58 በመቶው ደገፈ። (እኛ ጋ አትሞክሩት። ቀልድ መሆኑ እስኪነገር ፖሊስ ጣቢያ ታድራላችሁ።) የሚወሰደው ብልሃት ግን ሲዘጋ ማን ምን እንደሚያጣ ማሳየት ነው።

ለዚህም በር ላይ ቁጠሩ፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ መቀመጫ አጥቶ ተመለሰ፣ ዝግ ሆኖ ያገኘውስ ስንት ነው? ቁጥሩን ከፊርማው ጋር አያይዙ። «ትኩረት ይሰጠን» አትበሉ፤ «አንድ ተጨማሪ ባለሙያና የቅዳሜ ሰዓት» በሉ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም እጃችሁ ላይ ይቅር፤ ኃላፊው ሲቀየር ከዜሮ እንዳትጀምሩ።