የዜማና የሥዕል ማኅደር በኮምፒዩተር፤ ስለ መስኮቱ ሥርዓት

ዜማን፣ ፊልምንና ፎቶግራፍን በአንድነት የሚጠብቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራው ያለውን መመዝገብ፣ የተመዘገበውን በረድፍ ማሳየትና የተፈለገውን ማቅረብ መሆኑ፣ ዊንአምፕ እ.ኤ.አ. በ1997፣ አይቱንስም በ2001 ከወጡ ወዲህ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ክብሩ የተነፈገው የመስኮቱ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም በዜማው መስኮት ከላይ ያለው የመፈለጊያ ሣጥን በፊልሙም በሥዕሉም መስኮት ከዚያው ስፍራ እንዲገኝ፣ ደግሞም «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ በአንዱ መስኮት ከዝርዝር ብቻ የሚያወጣ፣ በሌላው ግን ፋይሉን ራሱን የሚደመስስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1987፣ ግኖም የተባለው የኮምፒዩተር ገጽታ ሠሪዎችም በ2002 ለባለሙያዎች የመመሪያ መጽሐፍ ማውጣታቸው ስለዚሁ ነበር።

የጎንደር ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በአቋቋም ትምህርት ስሟ በገነነው በበአታ ለማርያምም ሆነ በሌላ ደብር ድጓ ቢገለጥ፣ የበዓሉ ስም በቀይ ቀለም፣ የዜማው ምልክት ከቃሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት፣ ክፍሉም ከዮሐንስ ወደ አስተምሕሮ፣ ከዚያም ወደ ፋሲካ በተራው ስለሚገኝ፣ ከሩቅ አገር የመጣ መሪጌታ መጽሐፉን አይቶት ባያውቅ እንኳ ዐይኑ ወዴት መሄድ እንዳለበት አይጠፋውም።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምሟገተው ስለ መፈለጊያው ሣጥን ነው። በፒያሳ አንድ መዝሙር ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ ከደባርቅ የመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ በየካቲት 16 የሚወረበውን የኪዳነ ምሕረት ወረብ በፍላሽ እንዲገለበጥላቸው ለመኑ። ወጣቱ «ምህረት» ብሎ ጽፎ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንበት «የለም፣ አባቴ» አላቸው። እርሳቸውም ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «በሃሌታው ሀ ጽፈኸዋል፣ ልጄ፤ በሐመሩ ሐ ጻፈው» ቢሉት ወረቡ ወዲያው ወጣ። ነገር ግን የበዓሉን ቪዲዮ የመዘገበው ሰው በሃሌታው ሀ ጽፎት ኖሮ፣ ወደ ቪዲዮው መስኮት ሲሻገሩ የሊቁ ትክክለኛ አጻጻፍ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመዘገብ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታልና፣ ኮምፒዩተሩ የሚያስተያየው ቍጥርን እንጂ ድምፅን ስላልሆነ፣ ሀ ከሐ የሚለይበት ልክ ለ ከበ እንደሚለይ ነው፤ ብዙኃኑ ኀማ ከቸ በኋላ ስለሚሰለፍ፣ «ሀይሉ» በዝርዝሩ ራስ ቆሞ «ኃይሉ» ከብዙ ረድፍ በታች ይገኛል። መድኃኒቱ፣ አንዳንዶች በስሕተት እንደሚመስላቸው፣ የሰውን ጽሕፈት ሁሉ ወደ አንድ ሆሄ መገልበጥ አይደለም፤ ይህ የሊቃውንቱን ሥራ ማበላሸት ነው። ፕሮግራሙ ሞክሼ ሆሄያቱን አንድ ያደረገ ስውር መዝገብ ለፍለጋ ብቻ ይያዝ፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይኑር። ሠሪው ይህን ሕግ በአንድ ስፍራ ደንግጎ ሁሉም መስኮት ከዚያው እንዲቀዳ ካላደረገ፣ የፒያሳው ወጣት ሁለት ጊዜ መጻፉ አይቀርለትም።

ተጠቃሚውም ቢሆን ወቀሳ አያመልጠውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አይዲ3 በዘፈኑ ፋይል ጫፍ ለስያሜ ሁሉ 128 ባይት፣ ከዚያም ለርእሱ 30 ብቻ የሚሰጥና ለፊደላችን ስፍራ ያላሰናዳ ስለነበረ፣ ያን ጊዜ በላቲን መጻፍ ወይም በጥያቄ ምልክት መከራ ማየት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የወጣው ሁለተኛው አይዲ3 ግን ዩኒኮድን ስለሚቀበል፣ ዛሬ «ትራክ 01» ብሎ መተው ስንፍና ነው። የዘማሪውንም ስም ከአባቱ ስም ጋር ቦታ ማለዋወጥ አይገባም፤ እኛ የምንሰለፈው በራሳችን ስም ነው።

የቀኑም ነገር ከዚሁ ጋር ይታይ። በጃን ሜዳም ሆነ በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ዘወትር ጥር 11 ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በጃንዋሪ 20፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በጃንዋሪ 19 ስለዋለ፣ ፎቶግራፉን በፈረንጅ ቀን ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም የአንዱን በዓል ሥዕሎች በሁለት ቀን ስም ይለያያቸዋል። የዘመን አቈጣጠር ምርጫ አንድ ጊዜ በማስተካከያው ከተሰጠ፣ የሥዕሉም የዜማውም የፊልሙም መስኮት ዳግመኛ ሳይጠይቁ ያንኑ ሊከተሉ ይገባል።