ቁርስ በደቻቱ ዳር

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም ዳርቻ አላት። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ፣ ደራሽ ካልመጣበት በስተቀር፣ ውኃ አልባ ሰፊ አሸዋ ነው። ማለዳ ማገዶ የጫኑ ግመሎች ያቋርጡታል፤ አመሻሽ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በወዲህ ከዚራ፣ በወዲያ መጋላ። የድሬን ሰውና የድሬን ማዕድ አንድ ላይ ማወቅ የሚፈልግ እንግዳ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው እየመራው የዚህን አሸዋ ግራና ቀኝ በእግሩ ቢዞር ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ግዴታ ግን አለበት፤ ከማረፊያው ቁርስ በልቶ መውጣት የለበትም።

በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ ይህንኑ የእግር ጉዞ ነው። በድሬ ተወልደው ያደጉ አስጎብኚዎች እንግዳቸውን ሰፈር ለሰፈር፣ ገበያ ለገበያ ይዘው ይዞራሉ፤ ታሪኩን እየነገሩ፣ ምግቡን ከምትሠራው እናት እጅ እዚያው ያቀምሳሉ። በሌላው ዓለምም ይህን መሰል ጉዞ አለ። በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ፣ ኩኩ ያላንጂ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት እንግዶቻቸውን በጭቃማው ዳርቻ እየመሩ ሸርጣን በጦር እንዴት እንደሚወጋ ያሳያሉ። የትኛው ቅጠል መድኃኒት፣ የትኛው ፍሬ ምግብ እንደሆነም ከአያቶቻቸው በወረሱት ስም እየጠሩ ይናገራሉ። የዚያ ጉዞ ክብደት ተናጋሪው የምድሩ ልጅ መሆኑ ላይ ነው። የድሬውም እንደዚያው ነው።

መነሻው ለገሃር ቢሆን ይሻላል። ስሙ ራሱ የከተማዋን ልደት ይናገራል፤ ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን ‹ላ ጋር› ይሉታል፣ ቃሉ በሰው አፍ ሲገላበጥ ለገሃር ሆነ። የባቡር ድርጅቱም በሽማግሌዎቹ አንደበት ‹ሼመንደፈር› ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም። መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማ አብራ ተወለደች። ለጥቂት ጊዜ ‹አዲስ ሐረር› ተብላ ነበር፤ ስሙ አልያዘላትም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ድሬዳዋ ስለሚለው ስም ሁለት ትረካ አለ። በኦሮሞዎቹ ዘንድ ‹ድሬ› ሜዳ፣ ‹ዳዋ› መድኃኒት ነው፤ የፈውስ ሜዳ ማለት ይሆናል። ሶማሌዎቹ ደግሞ ድር የተባለው የነገድ አባት ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይላሉ። አንዱን ብቻ የሚነግር አስጎብኚ ቢያጋጥማችሁ ሁለተኛውን ጠይቁት። ጥሩ አስጎብኚ ሳይጠየቅ ሁለቱንም ይነግራል።

ከለገሃር ወደ ከዚራ ሲገባ መንገዱ እንደ ክር ቀጥ ይላል። ፈረንሳዮቹ የነደፉት ሰፈር ነው፤ ግራና ቀኙ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ። በሐዲዱ የገባው ዕቃ ብዙ ነበር፤ ከዕቃው ጋር የመጣው ሰው ደግሞ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ዐረብ ነበር። ከእነሱ አብዛኞቹ ሄደዋል። ምጣዳቸው ግን ቀርቷል። ቁርስ ቤት ገብታችሁ ፈጢራ ስታዙ ይህን ታያላችሁ፤ ሠሪው የስንዴውን ሊጥ እጁ እስኪታይበት አሳስቶ ይዘረጋና እንቁላል አፍስሶበት፣ አጣጥፎ፣ በዘይት ይጠብሰዋል። ማር ሲፈስበት ያለቀለት ነው። ስሙ ዐረብኛ ነው። አጠገቡ ያለው ፉልም ከቀይ ባሕር ማዶ ዘመድ አለው። ሳምቡሳና ባጂያ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ተከትለው የመጡ ናቸው፤ ባጂያው ከተፈጨ አደንጓሬ መሰል እህል ተጠብሶ፣ ከቃሪያ በተሠራ የሚያቃጥል ማባያ ይቀርባል። አንድ ሳህን ቁርስ ላይ የአንድ መቶ ዓመት የንግድ መንገድ ይነበባል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ድልድዩ ይመጣል። እዚህ ላይ አስጎብኚዎች ይቆማሉ፤ እንግዳውም ዝም ቢል መልካም ነው። ደቻቱ በድሬ ሰማይ ደመና ሳይኖር ይሞላል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ከደንገጎ ወገን ባሉት ደጋዎች ሲሆን ጎርፉ ወደ ከተማዋ የሚወርደው ሰው ሳያስበው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ደራሽ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፣ ቤቶችንና የገበያ ቦታዎችን ጠርጎ ወሰደ። ዛሬ በወንዙ ዳርና ዳር የምታዩት የግንብ ከለላ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። አስጎብኚው ከዚያ ሌሊት የተረፈ ሰው ወይም የተረፈ ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን በማንኛውም መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ከእሱ አፍ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወዲያ ማዶ መጋላ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ድምፁ ይበዛል፣ ቀለሙም። ወጣቱ ሽርጥ አሸርጦ፣ ሴቶቹ ስስና ሰፊ ድሪያቸውን ለብሰው ያልፋሉ። ከፊራ ገበያ በር ላይ ቅስቶች ይቀበሏችኋል፤ ከውስጥ የሐረርጌ ደጋና ቆላ ተገናኝቷል። ከደጋው የመጡት የኦሮሞ እናቶች ማሽላቸውን፣ ማንጎና ፓፓያቸውን፣ ዘይቱንና ጊሽጣቸውን ዘርግተዋል። ወቅቱ ከሆነ ቲን አለ፤ በሌላው አገር የቁልቋል በለስ የምንለው ፍሬ ነው። እሾኹን እንዳትነኩት ሻጯ ራሷ በቢላዋ ልጣ፣ በእጃችሁ ታኖርላችኋለች።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ እዚህ ገበያ ውስጥ የአስጎብኚዬ አፍ ነው። ከማንጎ ሻጯ ጋር በኦሮምኛ ተጫወተ፣ ከወተት ሻጯ ጋር በሶማልኛ ተከራከረ፣ ወደ እኔ ዞሮ ‹አቦ፣ ቅመሺ እንጂ!› አለኝ፤ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ነበር። ወተትን ለአንዷ ‹አናን›፣ ለሌላዋ ‹ዓኖ› እያለ ሲጠራ መዝገበ ቃላት የከፈተ አይመስልም፤ ሁለቱንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው የሰፈሩ ቃላት ናቸው። ድሬዎች ‹አንተ› እና ‹አንቺ› ብለው ሲያነጋግሯችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ። ቤተኛ አድርገዋችኋል ማለት ነው።

የግመል ወተቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አስጎብኚ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለምና። ወተቱን ከሽንሌና ከኤረር ወገን የሶማሌ እናቶች ማልደው ያመጡታል፤ ዛሬ በአብዛኛው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፣ ድሮ ከሥራ ሥር በሚጎነጎን ‹ዲል› በሚሉት ዕቃ ነበር። መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ጭስ ጭስ ይለዋል፣ ጨውም ያለው ይመስለዋል፤ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። አላወቀም። ዕቃው ሆን ተብሎ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። ሲኮመጥጥ ደግሞ ‹ዸናን› ይባላል፣ በዚያ ሙቀት ለቀናት ይቆያል። የግመል ወተት ከላም ወተት የበለጠ ቪታሚን ሲ አለው፤ አትክልትና ፍራፍሬ በማይበቅልበት ቆላ ከብቱን ተከትሎ የሚኖር ሕዝብ ያለዚህ ወተት እንዴት እንደሚዘልቅ ማሰብ ይከብዳል። ሆድ ለማያውቀው እንግዳ ግን ጥሬው አይመከርም። አፍልተው በሻይ የሚሰጧችሁን ጠጡ፤ ጣዕሙ አይጎድልበትም።

ሁልበት መረቅ የጉዞው ጫፍ ነው፤ የሐረሪዎች ስጦታ ነው። የአብሹ ዱቄት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውኃ ተደጋግሞ ይደፋል፣ ከዚያ አረፋው ነጭ ሆኖ እንደ ተመታ እንቁላል ከፍ እስኪል በእጅ ይመታል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሥራ አይደለም፤ መራራነቱን ያላስጨረሰች ሴት በመጀመሪያው ጉርሻ ትታወቃለች። የፈላ የሥጋ መረቅ ላይ አረፋው ሲደፋበት ይንተከተካል፤ ዳቦ እየተነከረ ይበላል። አብሽ በዐረብኛ ‹ሑልባ› ነው፤ የመኖችም ‹ሳልታ› የሚሉትን ወጣቸውን በዚሁ አረፋ ይሸፍኑታል። ዘመዳሞች ናቸው። ሐረር ሄጄም በልቼዋለሁ፤ በመጋላ ጠባብ ቤት፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ከአንድ ሳህን የበላሁት ግን ከአፌ አልጠፋም። ከላዩ በቡና ገለባና በወተት የሚፈላው ሆጃ ካለ ደግሞ እንግዳው ረፋዱን ሙሉ ለመነሣት አይቸኩልም።

ሌላ ቀን ያለው ሰው ጉዞውን ወደ ኋላ፣ እጅግ ወደ ኋላ ሊዘረጋው ይችላል። ከከተማዋ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ፈረንሳዮቹ ‹ፖርክ ኤፒክ› ያሉት ዋሻ አለ፤ ትርጉሙ ጃርት ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ለዓለም ያሳወቁት ሲሆን ቁፋሮው በ1933 ተጀመረ። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ የኖሩ ሰዎች ቀይ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ እየፈጩ ይጠቀሙ ነበር፤ ከዋሻው የተሰበሰበው 40 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀዳዳ ያላቸው ከ400 በላይ የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ተገኝተዋል፤ አጥኚዎቹ ጨሌ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይገምታሉ። ከከተማዋ ራቅ ብሎ በሚገኘው በለጋ ኦዳ ደግሞ ከ600 በላይ የዋሻ ሥዕሎች አሉ፤ ከተሣሉት መካከል ከብቶች አሉ። ወደዚያ ያለ አካባቢው ልጅ መሄድ ሥዕሉን አለማየት ነው፤ ዓይን ያልለመደው ሰው ድንጋይ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ድሬ የሚያርፈው መንገደኛ አብዛኛው ሻንጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሐረር ይወጣል። ሐረር ይገባታል፤ ለሐረር ማንም አይከራከርም። ድሬን እንደ መተላለፊያ ብቻ ማየት ግን ስሕተት ነው፤ ለከተማዋም ለተጓዡም ኪሳራ ነው። ስሕተቱ የተጓዡ ብቻም አይደለም። አስጎብኚነትን ሥራ ፈት የሚሠራው ጊዜያዊ ነገር አድርገን ስናየው ቆይተናል። አራት ቋንቋ የሚናገር፣ የጎርፉን ሌሊት የሚያስታውስ፣ የወተቱን ጭስ ከነምክንያቱ የሚያውቅ ወጣት ባለሙያ ነው። ባለሙያ የባለሙያ ክፍያ ይገባዋል። ወተት ሻጯና ሁልበት የምትመታው እናትም ለፎቶ የቆሙ አይደሉም፤ የጉዞው ባለቤቶች ናቸው፤ ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻቸው በግልጽ ሊሰጣቸው ይገባል።

ስለዚህ ድሬ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ማለዳ ስጧት። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ኮፍያ አትርሱ። ከማንሳታችሁ በፊት ‹ፎቶ ላንሣ?› ብላችሁ ጠይቁ፤ ያቀመሰቻችሁን እናት ሳትገዙ አትለፏት። ከአስጎብኚው ጋር ዋጋውን መጀመሪያ ተነጋገሩ። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብትወጡ ጥሩ ነው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ከቀትር በኋላ ከተማዋ ለጫት በርጫ ትቀመጣለች፣ የግመል ወተቱም በዚያ ሰዓት አልቋል።